ያላበው ግድግዳ

የታናሽ እህቴ ባል ሰው ቤት ሲገባ ከሰላምታ በፊት ግድግዳውን ያንኳኳል። በሩን አይደለም፤ ግድግዳውን። በጣቱ አንጓ ኳ ኳ ያደርግና ጆሮውን ለጥፎ ያዳምጣል፤ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ረዥም ትንፋሽ ይተነፍሳል። የቤቱ ባለቤት እጁን ለሰላምታ ዘርግቶ ይጠብቀዋል። እሱ ግን ተራውን ለግድግዳው ሰጥቷል። በመጨረሻ ሐኪም ለቤተሰብ ክፉ ወሬ ሲናገር እንደሚያደርገው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይሄ ቤት ውሃ እየጠጣ ነው» ይላል። እሱ አንኳኩቶት ደህና ነው የተባለ ግድግዳ እስከ ዛሬ አላየሁም።

ሰፈሩ «ጠቅላይ» ይለዋል። እንዲህ ያሉት ሥራው የእንጨት ቤቶችን በላስቲክ መጠቅለል ስለሆነ ነው፤ እሱ ግን እንደ ሹመት ነው የሚሰማው። መንገድ ላይ ከኋላው «ጠቅላይ» ብለው ሲጠሩት አንገቱን ብቻ ያዞራል፤ ትከሻው አይዞርም። ባለሥልጣን እንዲያ ነው የሚዞረው የሚል ነገር የሆነ ቦታ ሰምቶ ይሆናል።

የግድግዳ ሥራ የት ተማረ ብትሉኝ፣ የትም። ወጣት ሳለ የቤት ዕቃ የሚያጓጉዙ ሰዎች ግቢ ውስጥ ነበር የሚሠራው። ሶፋውን፣ ቁም ሣጥኑን፣ ፍራሹን መንገድ ላይ ዝናብ እንዳይመታው በላስቲክ ይጠቀልላል። በዚያ ሥራ ተወዳዳሪ እንዳልነበረው አልክድም። እሱ የጠቀለለው ቁም ሣጥን ወንዝ ውስጥ ቢወድቅ ልብሱ ደረቅ ሆኖ ይወጣ ነበር። ችግሩ ከሶፋ ወደ ቤት ሲሸጋገር አንዲት አዲስ ነገር ለመማር አለመፈለጉ ነው። ለእሱ ቤት ማለት ትልቅ ሶፋ ነው። ሶፋ ውስጥ ሰው ገብቶ እንደማይኖር፣ እንደማይተነፍስ፣ ውሃ እንደማያፈላ አንድም ቀን ትዝ ብሎት አያውቅም።

እህቴንም ያገኛት ሲጠቀልል ነው። የጨርቅ ሱቅ ውስጥ ትሸጥ ነበርና ሱቁ ሲዛወር ዕቃውን ሊያሽግ መጣ። ማታ እኔ ጋ መጥታ «ለዕቃ እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው ሚስቱንማ እንዴት አድርጎ ይይዛት» አለችኝ።

«በላስቲክ ነዋ» አልኳት።

ለሳምንት አኮረፈችኝ፤ ከዚያ አገባችው።

እናታችን ግን ወደደችው። እናቴ ስለ ሰው ክፋት ሲነግሯት «ደክሞት ይሆናል» የምትል ሴት ናት። ሌባ ቢገባባት መጀመሪያ ወንበር የምታቀርብለት ይመስለኛል። አማቿንማ የምታስቀምጥበት ጠፍቷት ነበር። ሲመጣ ሻይ ይፈላል፣ ሲሄድ በሩ ድረስ ይሸኛል፣ በመሃል ደግሞ ስለ ውሃ ጠላትነት የሚያወራው ሁሉ አፍ ተከፍቶ ይደመጣል።

እናቴ የምትኖርበትን ቤት የሠራው አባታችን ነው። አናጢ ነበር። ቋሚ እንጨቶቹን ራሱ መርጦ፣ ራሱ አድርቆ ነው ያቆማቸው። ከውስጥ በኩል ጣውላ መታበት፤ በቋሚዎቹ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ሙቀት እንዲይዝ በሰጋቱራ ሞላው፤ ከውጭ ደግሞ ዝናቡ እንዲንሸራተት አንዱን ጣውላ በሌላው ላይ እየደረበ አለበሰው። ከውጩ ጣውላ ጀርባ ግን ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተወ። ክፍተቱ ከታች በመሠረቱ በኩል፣ ከላይም ከጣሪያው ጠርዝ ሥር አፉ ክፍት ነው፤ አይጥ እንዳይገባበት ብቻ ወንፊት ሽቦ ተመትቶበታል። ልጆች ሳለን በሽቦው ቀዳዳ ጠጠር ስንጠቀጥቅ ከያዘን፣ ያ ቁጣ የማያውቅ ሰውዬ ይቆጣ ነበር። «ቤቱ በየት ይተንፍስ?» ይለናል። እኛ የአናጢ ቀልድ መስሎን እንስቅ ነበር።

እሱ ከሞተ በኋላ ዓመታት ሲያልፉ ሰጋቱራው እየተጠቀጠቀ ወረደና የግድግዳው የላይኛው ክፍል ባዶ ቀረ። ነፋስና ዝናብ በሚመጣበት በኩል ያለው ግድግዳ ደግሞ የእናቴ አልጋ የተጠጋበት ነው። ብርዱ መጀመሪያ ትከሻዋን፣ ከዚያ ደረቷን ያዛት። ሳሉ አልለቅ ሲላት ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ ነገር አላበዛችም፤ «ወይ ክፍሉ ይሙቅ፣ ወይ እሳቸው ይልቀቁ» አለች። ወደ ቤቴ ልውሰድሽ አልኳት። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ቤቴ አንድ ክፍል ነው፤ የስፌት መኪናው፣ የደንበኛው ልብስና እኔ ተጣብቀን የምናድርበት። ቢሆንም ይቻል ነበር። ሁሉን ነገር እሺ የምትለው እናቴ ግን በዚህ ብቻ አልበገር አለች።

«እኔ ከዚህ ቤት የምወጣው ተሸክማችሁኝ ነው» አለች። «ግድግዳው ይስተካከልልኝና እዚሁ ልቀመጥ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነበር። ግድግዳው ከሞቀ እናቴ ቤቷ ትቀራለች፤ ካልሞቀ ትወጣለች። የጎደለውን ሰጋቱራ መሙላት ብቻ ይበቃ እንደነበር ዛሬ ማንም ይነግራችኋል። ያን ጊዜ ግን ቤተሰባችን ውስጥ ባለሙያ ነበረን።

ጠቅላይ መሰላሉን፣ የላስቲክ ጥቅሉን፣ የሚነፋ ፎም ያለባቸውን ጣሳዎችና አንድ ሙሉ ካርቶን ፕላስተር ይዞ መጣ። ግድግዳውን አንኳኳ፣ አዳመጠ፣ ዓይኑን ጨፈነ። እናቴ የሻይ ብርጭቆ ይዛ ትጠብቀዋለች።

«እማማ፣ ይሄ ቤት ውሃ እየጠጣ ነው» አላት።

«ኧረ ልጄ፣ ውሃስ ገብቶበት አያውቅም። ብርዱ ነው እንጂ።»

«ይጠጣል አልኩዎት። ለእርስዎ አይታይዎትም።»

የውጩን ጣውላ ሲያነሳ የአባቴን ክፍተት አገኘውና ሳቀ። ለምሳ ሰዓት ብቅ ብዬ ነበር፤ ጎረቤት እንዲሰማው አድርጎ ነው የሳቀው።

«እትዬ፣ ይምጡማ ይመልከቱ። አባታችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጣውላው አልገጥም ብሏቸው ትተውት ነው የሄዱት። እዚህ ውስጥ እኮ ነፋሱ ሽርሽር ይወጣል።»

«ሆን ብሎ ነው የተወው» አለች እናቴ በሩ ላይ ቆማ። «እሷን አትንኳት ይል ነበር። ቤቱ ይተንፍስባት ይል ነበር።»

«እማማ፣ ቤት ሳንባ የለውም።»

ይህን ያለው ለሕፃን እንደሚነገር አድርጎ፣ ፈገግ ብሎ ነው። አብራው የመጣችው እህቴ ባሏን በኩራት አየችው። እናቴ ዝም አለች። ሰው ዝም ሲል የተስማማ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ እሱ የእነዚያ አለቃ ነው።

ሰጋቱራውን በአካፋ እያወጣ ግቢው ውስጥ ከመረው። «ይሄ ለዶሮ ቤት ነው» አለ። በምትኩ በከረጢት የመጣ፣ ሙቀት የሚይዝ ጥጥ መሰል ነገር አጨቀበት። እሱስ ክፉ አልነበረም። ክፉው ቀጥሎ የመጣው ነው። ሰማዩ ማካፋት ሲጀምር ነገ ይድረቅና እናሽገዋለን በማለት ፈንታ «ፍጠን፣ ሳይርስ እንጠቅልለው» እያለ ራሱን ያጣድፍ ጀመር፤ እንጨቱ ግን ርሶ ነበር። የአባቴን ክፍተት ከላይ እስከ ታች በፎም ነፍቶ ደፈነው። ወንፊት ሽቦውን ነቅሎ ጣለው። ከውጭ በላስቲክ ጠቀለለ። ቆም ብሎ አየውና አልበቃ አለው፤ ከውስጥም ጠቀለለ። ጣውላውን በላዩ መልሶ መታ፣ መጋጠሚያውን ሁሉ አሸገ። አንዱን ግድግዳ ሲጨርስ እጁ አላርፍ ስላለው የቀሩትን ሦስቱንም ደገማቸው። ከእናቴ አልጋ ራስጌ ያለችውን መስኮትም ዙሪያዋን በፕላስተር አሽጎ «መስኮት ማለት ግድግዳ ላይ የተረሳ ቀዳዳ ነው» አለ። ይህችን ንግግሩን በጣም ስለወደዳት ለእህቴም ነገራት፣ ለእኔም ደገመልኝ፤ ሲወጣ ለጎረቤትም ሲናገራት ሰማሁት።

እውነቱን ለመናገር ክፍሉ ሞቀ። ዝናቡ ሲወርድ ድምፁ እንኳ ከሩቅ ነበር የሚሰማው። እናቴ ያለ ሹራብ መተኛት ጀመረች፤ ሳሏም ቀነሰ። «አየሽ፣ አልወጣም አላልኩሽም?» አለችኝ። ደስታዋን አይቼ አፌን ዘጋሁ፤ አፌን መዝጋት ደግሞ ለእኔ ቀላል ሥራ አይደለም።

ጠቅላይ እናቴን ማስታወቂያ ያደረጋት ያን ጊዜ ነው። ቤቱን ማስጠቅለል ያሰበ ሁሉ እየተመራ ይመጣል፤ ጫማውን ሳይጠርግ የእናቴ መኝታ ክፍል ይገባል። እሷ አልጋዋ ጠርዝ ላይ እጇን አጣምራ ትቀመጣለች። ጠቅላይ ግድግዳውን መታ መታ እያደረገ ንግግሩን ያወርድና መጨረሻ ላይ ወደ እሷ ይዞራል።

«እማማ፣ ይበርድዎታል?»

«አይ፣ ልጄ።»

«ጮክ ይበሉ፣ እንዲሰሙት።»

«አይበርደኝም፣ ልጄ።»

ሰዎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ጣውላውን ይዳብሳሉ፣ ይወጣሉ። አንድ ቀን ልብሷን ላደርስላት መጥቼ ይህን ትርኢት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው አየሁት። ደሜ ፈላ። እናቴ ግን እንግዶቹ የጣሉትን ጭቃ እየጠረገች «ሥራው ነው፣ ምን ይደረግ» አለች።

ብዙም ሳይቆይ ቤቱ ማላብ ጀመረ። ጠዋት ስትነሳ የመስኮቱ መስታወት ታጥቦ ያድራል፤ በማዕዘኖቹ በኩል ውሃ ይንጠባጠባል፤ የግድግዳው ግርጌ ረጥቦ ይገኛል። ለጠቅላይ ነገረችው። መጥቶ ጣቱን አስነካ፣ አሸተተ፣ ምክንያቱንም ወዲያው አገኘው።

«ትንፋሽዎ ነው፣ እማማ።»

«ትንፋሼ?»

«ከውጭ አንድ ጠብታ አይገባም። ስለዚህ ከውስጥ ነው። ከውስጥ ደግሞ ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

እናቴ እንደ ጥፋተኛ ይቅርታ ጠየቀችው። በስተርጅናዋ በመተንፈሷ ይቅርታ ጠየቀች። እሱም ይቅርታውን ተቀብሎ ሕግ ያወጣላት ጀመር። መጀመሪያ ማንቆርቆሪያውን ከለከላት፤ እንፋሎት ነዋ። ሻይ ስታምራት እህቴ ቤት ተፈልቶ በፔርሙስ ይመጣላታል፤ ሲደርስ ለብ ያለ ነው። ቀጥሎ ቤት ውስጥ ልብስ ማጠብ ተከለከለ። ከዚያ ገላዋን እህቴ ጋ እየሄደች እንድትታጠብ ተወሰነ። በመጨረሻም፣ ይህን ያልሰማ ሰው አያምነኝም፣ «ሲተኙ አፍዎን ገጥመው ይተኙ» አላት። እህቴ ይህን ሁሉ «ለእማዬ ጤና ብሎ ነው» ትላለች። እህቴ ባሏ ያለውን ከመድገም በቀር ሌላ ሥራ የላትም፤ ሱቁንም ከትዳር በኋላ ትታዋለች።

አንድ ቀን ለቀሚስ ስለካት ሜትሩ ከእጄ አምልጦ አልጋው ሥር ገባ። ላነሳው ጎንበስ ስል ሳፋ አገኘሁ። ሳፋው ውስጥ የተቀዳደደ አሮጌ አንሶላ፣ ሁሉም የጨቀየ፣ ሁሉም የሚሸት። ጎትቼ አወጣሁት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

እናቴ ወደ በሩ አየች። «ጠዋት ጠዋት እጠርገዋለሁ። ሰው ይዞ ከመምጣቱ በፊት።»

«አንቺ ነሽ ለእሱ ግድግዳ የምትጠርጊለት?»

«ቀስ በይ። እህትሽ እንዳትሰማ፤ ትዳሯን በእኔ ግድግዳ አላፈርስባትም።» ከዚያ የቀሚሱን ጫፍ እያሻሸች ዋናውን ነገረችኝ። «ደግሞም ግድግዳው አልረባም ካላችሁ ታስወጡኛላችሁ።»

ሳፋውን ይዤ በቀጥታ እሱ ጋ ሄድኩ። ደጁ ላይ ላስቲክ እየቆረጠ አገኘሁት። ጨርቁን አየና ጉዳዩ ቀላል መሆኑን ሊያሳየኝ ሳቅ አለ።

«ጤዛ ነው፣ እትዬ። ጤዛ ማለት የሙቀት ምልክት ነው።»

«ቤቱን ክፈተው።»

«ከፍቼው ዝናብ ላስገባበት? እርስዎ መርፌዎን ይያዙ፤ ግድግዳውን ለእኔ ይተዉልኝ።»

ያን ቀን ያልመታሁት እጄ ሳፋ ይዞ ስለነበር ነው። ወደ እናቴ ተመልሼ ወደ ቤቴ እንድትመጣ ለመንኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ተሸክሜ ማውጣት እችል ነበር፤ ክብደቷ ይህን ያህል አይደለም። ግን እሷ በሕይወቷ አንዴ እምቢ ብላለች፤ ያቺኑ እምቢታዋን መልሼ ልቀማት አልቻልኩም።

ሌላ የዝናብ ወራት መጣ። ቤቱ መሽተት ጀመረ፤ የረጠበ ጆንያ ዓይነት ሽታ። ሳሉ ተመለሰ፤ ያውም ከነጓዙ። ጠቅላይ «ሽታው የእርጅና ነው» ብሎ ክፍሉ ውስጥ ሽቶ ረጨበት። አንድ ጠዋት የአባቴ የግድግዳ ሰዓት ወድቆ ተሰበረ። አባቴ ራሱ የመታው ሚስማር፣ እዚያ ሲኖር ዕድሜውን ሙሉ ያልተነቃነቀ ሚስማር፣ ራሱ ወጥቶ ከሰዓቱ ጋር ወለሉ ላይ ተገኘ። ደርሼ ቀዳዳውን አየሁት። ሌላ ነገር ስላልነበረኝ ቦርሳዬ ውስጥ ያለውን መቀስ አውጥቼ ገፋ አደረግሁት። መቀሱ ጣውላውን አልፎ፣ ቋሚውን እንጨት እንደ ቂጣ በስቶ እስከ መያዣው ገባ።

መቀሱን እንደያዝኩ ጠቅላይ ከበር ገባ። ብቻውን አልነበረም፤ ቤታቸውን ሊያስጠቀልሉ ያሰቡ ባልና ሚስት አስከትሏል። እኔን ሲያይ ፊቱ ጨፈገገ፤ ግን ደንበኛ ፊት ነውና ወዲያው አስተካከለው። ወደ ግድግዳው ሄዶ አንኳኳ። ኳ ኳ የለም። ድፍን ያለ፣ የሞተ ድምፅ ብቻ።

«ይሰማል?» አለ ወደ ሰውዬው ዞሮ። «ምንም አያስተጋባም። ይሄ ማለት ጥቅጥቅ ብሎ ሞልቷል ማለት ነው።» ከዚያ ወደ አልጋው ዞረ። «እማማ፣ ይበርድዎታል?»

እናቴ አፏን ከፈተች። ሳሉ ቀደማት። እየሳለች እጇን ወደ እሱ አነሳች፤ ታገሠኝ፣ እመልስልሃለሁ ማለቷ ነው። እሱም ቆሞ ጠበቃት። ያ መጠበቁ ነው እኔን ያሳበደኝ።

ጣቴን ጣውላው መጋጠሚያ ውስጥ አስገብቼ ሳብኩት። ሚስማሩ ሳይንጫጫ መጣ። ሁለተኛውም መጣ። ከጣውላው ጀርባ ላስቲኩ ግርጌው ላይ ሆድ አውጥቶ ተንዘርጥጧል፤ ውስጡ ጠቆር ያለ ውሃ። በመቀሱ ቀደድኩት። ውሃው በጠቅላይ ጫማ ላይ ፈሰሰና ወለሉን አዳረሰው። ጥጡ እንደ ጭቃ ተላቁጧል። የአባቴ ቋሚዎች ጠቁረው፣ ሻጋታ ለብሰው፣ በእጅ ሲነኩ የሚፈረፈሩ ሆነዋል። ቤቱ የቆመበት የግርጌ እንጨት በዚያ በኩል የለም ማለት ይቻላል።

ጠቅላይ ጎንበስ ብሎ የውጩን ላስቲክ በጣቶቹ መረመረው፤ ከላይ ጀመረ፣ ወደ ታች ወረደ። ቀና ሲል ፊቱ በርቶ ነበር።

«አንድም ቦታ አልተቀደደም» አለ። «ያው፣ ታያላችሁ። ከውጭ አንድ ጠብታ አልገባም።»

«ታዲያ ውሃው ከየት መጣ?» አለች ሴትዮዋ።

ጠቅላይ ወደ እናቴ አመለከተ። «ከእሳቸው» አለ።

በሕይወቴ ብዙ የናቅሁት ሰው አለ። ሱሪው የጠበበው በመብላቱ ሳይሆን በእኔ ስፌት ነው የሚለኝን ደንበኛ ንቄያለሁ። ግን ያን ጠዋት የተሰማኝን ያህል ንቀት አንድ ሰው ላይ መውረድ ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም። ባልና ሚስቱ ደህና ዋሉ ሳይሉ ወጡ። እናቴ ትንፋሿን ሰብስባ «ይቅርታ፣ ልጄ» አለችው።

ቤቱን እንዲያዩ የጠራኋቸው አናጢዎች ከአንዱ ማዕዘን ወደ ሌላው እየዞሩ አራቱንም ግድግዳ ከፈቱ። አራቱንም ስለጠቀለላቸው አራቱም እኩል በስብሰዋል፤ በዚህስ አድልዎ የለበትም። የሚተርፍ ነገር የለም አሉ። እናቴን ተሸክመን አላወጣናትም። በእግሯ ወጣች፤ እሱ ነው የባሰው። በሩን ስትዘጋ ቁልፉን ሁለቴ አዞረች፤ ከዚያ የሚዘጋ ነገር እንደሌለ ትዝ ሲላት ቁልፉን ለእኔ ሰጠችኝ።

እኔ ጋ ትመጣለች ብዬ ቦታ አስለቅቄ ነበር። እሷ ግን እህቴ ቤት እሄዳለሁ አለች። «ወደ አንቺ ከመጣሁ ተቀይሜው የሄድኩ ይመስለዋል» አለችኝ። ይኸው እንደ ልማዷ ስለ እሱ ሆድ ታስባለች።

የጠቅላይን ቤት አይታችሁት ከሆነ እኔ ምንም መናገር የለብኝም። የሰው ቤት ሁሉ ሲጠቀልል የራሱ ተራ ደርሶት አያውቅም። እሱም የእንጨት ቤት ነው፤ ጣውላው አንዱ ከአንዱ ተኳርፏል፤ በክፍተቱ የውጩ ብርሃን ይታያል፤ መስኮቱ ተዘግቶ መጋረጃው ይወዛወዛል። እናቴን የመጨረሻዋ ክፍል ውስጥ አስተኟት። እኔ በዚህ ብርድ አለቀላት ብዬ በየቀኑ ሾርባ ይዤ እመላለስ ጀመር። ብርዱስ ነበር፤ ሹራብ ላይ ሹራብ ደርባ ነው የምትቀመጠው። ሳሉ ግን ቀስ በቀስ ለቀቃት። ሽታ የለ፣ ሻጋታ የለ፣ የሚጠረግ የለ። እህቴ «የእኛ ቤት አየሩ ተስማማት» ትላለች፤ ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቷት ከሆነ እጄን ይቁረጡት።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከእናቴ ጋር ተቀምጠናል። ማንቆርቆሪያው ትንሿ ምድጃ ላይ ተጥዷል፤ እንፋሎቱ ወደ ላይ ይወጣና በጣውላዎቹ መካከል ሾልኮ ይሄዳል። እናቴ ያን ታያለች። «አባታችሁ ይቺን ቢያይ ይስቅ ነበር» አለችኝ። በዚህ መሃል ጠቅላይ ገባ። በአንድ ብብቱ አዲስ የላስቲክ ጥቅል፣ በሌላ እጁ የፎም ጣሳ። እህቴ ከኋላው ትከተለዋለች።

«እማማ፣ እስከ ዛሬ ለደንበኛ ስል የራሴን ቤት ረስቼው ነበር» አለ። «ዛሬ ከእርስዎ ክፍል እጀምራለሁ። የዛሬው ላስቲክ ደግሞ ወፍራም ነው።»

የምናገረው ብዙ ነበረኝ። አፌን ስከፍት እናቴ ጉልበቴን ያዝ አደረገችኝ።

ጠቅላይ ግድግዳውን አንኳኳ። ጆሮውን ለጠፈ። ከዚያ እንደ ድሮው፣ ሰው ፊት እንደሚያደርገው፣ ወደ እሷ ዞረ።

«እማማ፣ ይበርድዎታል?»

እናቴ መልስ ከመስጠቷ በፊት ማንቆርቆሪያውን አነሳች፤ ብርጭቆዋን ሞላች። ሻዩ ይጨሳል። አየችው።

«አዎ፣ ይበርደኛል» አለች።

ጠቅላይ ፈገግ ብሎ የላስቲኩን ጫፍ መፍታት ጀመረ።

«ይበርደኛል፤ ተወው» አለች። «ቤቴን ሰጥቼሃለሁ፣ ልጄ። ይሄን አልሰጥህም።»

እህቴ ባሏን ሳይሆን እናቴን አየች። እንዲህ ስታያት እኔ አይቻት አላውቅም። ጠቅላይ የፈታውን ላስቲክ መልሶ መጠቅለል ያዘ፤ ያን ያህል ዓመት የሠራበት ሥራ እጁ ላይ ተወላገደ። ሲወጣ በሩ ላይ አንዴ ዞር አለ፤ ትከሻውም አብሮ ዞረ።

«እርጅና ነው» አለ ለእህቴ። እህቴ አልደገመችለትም።

እናቴ ሻይዋን ፉት አለች። ትንሽ ቆይቶ ከአጥሩ ማዶ፣ ጎረቤት ከሚኖሩት አዲስ ተከራዮች በኩል፣ በጣት አንጓ ግድግዳ ሲመታ ሰማን።